በማዕረግ ያለፉት እናቶች

ትምህርት ቤታችን በበሽታው ምክንያት በተዘጋ በሁለተኛው ዓመት፣ ከሁለተኛ ክፍል በማዕረግ ያላለፈ ልጅ አልነበረም። ልጆች በአንድ ቦታ እንዳይሰበሰቡ ተከልክሎ ስለነበር ሜዳሊያውን የተቀበሉት እናቶቻቸው ናቸው። በቅርጫት ኳስ ሜዳው ላይ ተራርቀው ቆሙ፤ የልጆቻቸው ስም ሲጠራ እነሱ ወደ ፊት ወጡ። መምህርታችን ማም ኤልፊ ሜዳሊያውን ማን ላይ እንደሚያደርጉት ግራ ገብቷቸው ጥቂት ካሰቡ በኋላ በእናቶቹ አንገት ላይ አጠለቁት።

«እንኳን ደስ አለሽ ሉሪንግ» አለች ጎረቤታችን ፖንሳ ከሜዳው ሲወጡ። «በዚህ ዕድሜሽ ሁለተኛ ክፍልን በማዕረግ አለፍሽ።»

«አንቺም አልፈሻል። ክፍል ትደግሚያለሽ ብዬ ፈርቼልሽ ነበር።»

ተሳሳቁ። በሊናዎን ደሴት ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም ግን ጮክ ብሎ የማይናገረው ነገር ስለነበር እንዲህ በቀልድ ብቻ ይነሳ ነበር።

ሉሪንግ የታላቅ ወንድሜ የኢስቶይ ሚስት ናት። ከልጃቸው ከዊንዊንና ከአባቷ ከታታይ ኡስቲንግ ጋር ሁላችንም በአንድ ቤት እንኖራለን። ዊንዊን ትምህርት የጀመረው ትምህርት ቤቱ በተዘጋ ጊዜ ነው። ያንን በር አንድም ቀን እንደ ተማሪ ገብቶበት አያውቅም። በየሳምንቱ ሰኞ ጀልባ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሞጁሎች ከከተማ ታመጣለች፤ ማም ኤልፊ በትምህርት ቤቱ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ በስም በስማቸው ይደረድሯቸዋል፤ እናቶች ይወስዱና ተሠርተው ሲያልቁ ዓርብ ይመልሷቸዋል።

መጀመሪያ ላይ ሉሪንግ ልታስተምረው ሞክራ ነበር። ራሷ አራተኛ ክፍል ላይ አቋርጣ ዓሣ ማድረቅ የገባች ሴት ናት። ልጁን ከጎኗ አስቀምጣ፣ ሞጁሉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ አንድ ዐይኗን ዓሣው ላይ አንድ ዐይኗን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ትጀምራለች። ዊንዊን ባሕሩን ያያል። «እዚህ እይ» ትለዋለች። ያያል፤ ተመልሶም ባሕሩን ያያል። ዓርብ ሲመጣ ወረቀቱ ነጭ ነው። ባዶ ወረቀት ይዛ በጎረቤት ፊት መሄድ ደግሞ አሳፈራት። አንድ ሁለት ጥያቄ ሞላችለት። በሚቀጥለው ሳምንት ግማሹን፣ ከዚያ ሁሉንም።

እውነቱን ለመናገር ደስም ብሏት ነበር። ዓሣ እየሰነጠቀች «ውኃ የሚጠጣው የተክል ክፍል ምን ይባላል?» እያለች አላፊ አግዳሚውን ትጠይቃለች። መልሱን ስታገኝ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ፊደሉን እንደ ልጅ ፊደል አጣማ ትጽፋለች።

ሌላም ምክንያት ነበራት፤ ይህኛው የሁላችንም ነው። ጥቂት ትምህርት ቤቶች ለሙከራ ሊከፈቱ ነው የሚል ወሬ ከከተማ መጥቶ ነበር። የትኞቹ እንደሚከፈቱ የሚመክሩት የዩኒቨርሲቲ ምሁራን ናቸው፤ እነሱም የሚያዩት ከየትምህርት ቤቱ የሚላከውን ውጤት ነው ተባለ። እኛ ደግሞ ነገር የሚሰጠው ላማረበት እንደሆነ እናውቃለን። ከዓመታት በፊት የንጹሕ መንደር ውድድር ሲደረግ፣ ማዶ ካለው ከዳፕዳፓን ደሴት በሸክላ የተተከሉ አበቦች ተውሰን በመንገዱ ሁሉ አሰለፍናቸው። ዳኞቹ መጡ፣ ተደነቁ፣ የውኃ ታንከር ሸለሙን። አበቦቹን በማግስቱ በጀልባ መለስን። ታንከሩ እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ ልጆቹ በማዕረግ ካለፉ ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ለእኛ እንደሚከፈት የተጠራጠረ ሰው አልነበረም።

ሉሪንግ ግን አንድ ነገር ካየች ወዲህ እንቅልፏ ቀንሷል። ኢስቶይ ጀልባውን ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ቀለም ቀይሯት ነበር። ለዓሣ ሊወጡ ሲሉ ዊንዊንን «ሂድ፣ ጀልባችን ላይ ጠብቀኝ» ብሎ ላከው። ልጁ ሄዶ ሰማያዊ የሆነች የሰው ጀልባ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ባለቤቱ ሲያወርደው «የአባቴ ናት» ብሎ ተከራከረ። የኢስቶይ ጀልባ አጠገቡ ቆማ ነበር። ስሟ በጎኗ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ «ዊንዊን» ይላል። ልጁ ሲወለድ ነው በስሙ የሰየሟት።

ኢስቶይ ይህን እየሳቀ ሲያወራ ሉሪንግ አልሳቀችም። ልጁ ስምንት ዓመቱ ነው።

ሴሊንግ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ከተማ ውስጥ ዶክቶራ ማርሴሊና ይሏታል፤ በዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ ከአማካሪዎቹ ምሁራን አንዷ ናት። የሊናዎን ልጅ ናት። አራተኛ ክፍል ድረስ ከሉሪንግ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጣለች፤ ሁለቱንም ያስተማሯቸው ማም ኤልፊ ናቸው። በሽታው ሲጀምር ትምህርት ቤት ይዘጋ ብለው ከመከሩት መካከል እሷም ስለነበረችበት በመንደሩ ቅር ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን መጣች ሲባል ሁሉም ሩዝ ጣደ።

ሉሪንግ ዓሣ ማስጫው ሥር ቁጭ ብላ ስትሠራ ሴሊንግ ከኋላ መጣችባት። ማስክ አድርጋለች፤ ከማስኩ በላይ ደግሞ የላስቲክ የፊት መከለያ ደርባለች።

«ፊትሽ ላይ ያደረግሽው ምንድን ነው?» አለቻት ሉሪንግ። «የመኪና መስታወት ሰርቀሽ ነው?»

«አድርጉ ተብሎ ነው።»

«አዛዦቹ እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

«ማርያምን፣ ይሄንን እኔ አልመከርኩም።» ሴሊንግ መከለያውን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ራቅ ብላ ግንድ ላይ ተቀመጠች። «አባትሽ እንዴት ናቸው?»

«እያሳሉ ይኖራሉ። አንቺስ? ከስተሻል።»

«በመጀመሪያው ዓመት ሥራዬ የሞተ መቁጠር ነበር ሉሪንግ። ጠዋት ጠዋት ቁጥሩ ይመጣልኝ ነበር። ትምህርት ቤት ዝጉ ያልነውም በእሱ ነው። ሰው እንደተቀየመኝ አውቃለሁ።»

«የተቀየመሽ ሰው ነው ትናንት አሳማ ያረደልሽ። ተይው።»

ሴሊንግ ሳቀች። ከዚያም የድሮ ወንበሯን መልሳ እንዳገኘች ተማሪ ወደ ፊት ጎንበስ አለች። «ስሚኝ፣ የመጣሁት ለሌላ ነው። የደሴቶቹ ሁሉ ውጤት ሲመጣ የሊናዎን ከሁሉ በላይ ሆነ። የከተማው ልጆች እንኳን አልደረሱበትም። ጽሑፍ ጻፍኩበት። ሊቀመንበራችን ዶክተር ፓልማሬስ በዐይናቸው ሊያዩ አብረውኝ መጥተዋል። የዊንዊን ውጤት ደግሞ ከላይኞቹ ነው። ነገ በሜዳው እንዴት እንዳስተማርሽው ትነግሪያቸዋለሽ። ሌሎቹ ደሴቶች ከእናንተ እንዲማሩ።»

ሉሪንግ የሚቀጥለውን ዓሣ አነሳች። ፊቷ እንደ መቅላት አለ። «እኔ ምን አውቃለሁ ብለሽ ነው» አለች። «ታዲያ ትምህርት ቤቱ መቼ ነው የሚከፈትልን?»

«ለእናንተማ አያስቸኩልም።»

«አልገባኝም።»

«የሚከፈቱት ጥቂት ናቸው። ልጆቻቸው በሞጁል መማር ያቃታቸው ቦታዎች ይቅደሙ ብለን መከርን። እንዲያውም ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። እናንተ ያለ ትምህርት ቤትም እየተማራችሁ ነው፤ አባትሽን የመሰሉ ሽማግሌዎችም ከልጆች ጋር ስላሉ ለምን ለአደጋ እናጋልጣቸው? የሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።»

የሉሪንግ ቢላዋ ቆመ። ዊንዊን ከቤቱ ሥር በክር ያሰረውን ሸርጣን እየጎተተ ነበር።

«የወደቁት ናቸው የሚከፈትላቸው?» አለች።

«የተቸገሩት ናቸው።»

ሉሪንግ ቢላዋውን አስቀመጠች። ሴሊንግ ሌላ ቤት መጎብኘት ስለነበረባት ተነሥታ ሄደች። እሷ ስትርቅ ሉሪንግ እጇን ሳትታጠብ ወደ ማም ኤልፊ ቤት አመራች።

ማም ኤልፊ ደጃፋቸው ላይ ሞጁል ያርሙ ነበር። የሆነውን ስትነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስንት ዓመት ሙሉ ያስተማርኩ ሴት ነኝ» አሉ። «ልጅ የሠራውንና እናት የሠራችውን የማልለይ ይመስልሻል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ማንም አይውደቅ የሚል ትእዛዝ አለ። ደግሞስ ባሳፍራችሁ ማን ወረቀት ሊወስድ ይመጣ ነበር? ወረቀቱ ቢቀር ልጆቹ ተማሪ መሆናቸውንም ይረሱታል ብዬ ፈራሁ። ከላይ የሚጠይቁኝ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥር ላክሁ።»

ፖንሳ በአጥሩ ማዶ ልብስ እያሰጣች ሁሉንም ሰምታለች። ብቅ አለች።

«ሉሪንግ፣ ነገ ያንን አፍሽን እንዳትከፍቺው።»

«ዊንዊን ስሙን አያነብም ፖንሳ።»

«የእኔስ ያነባል? ሜዳሊያውን ግን ሳሎን ሰቅዬዋለሁ። አማቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሳያለች። አንቺ ስትናገሪ እኔ የት ልግባ? ባሕር ውስጥ?»

«ስለ አንቺ አልናገርም።»

«የአንቺ ከወጣ የእኔ መች ይቀራል? ሁላችንም እኮ በአንድ ጀልባ ነን።»

ማም ኤልፊ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ልጆቼ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይህ ነገር ከተነገረ መጀመሪያ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ጡረታዬ ደርሷል። ግን ሉሪንግን ዝም በይ አልላትም።»

በማግስቱ ሜዳው አምሮ ነበር። የመንደሩ ሹም ከዳፕዳፓን በድጋሚ አበቦች አስመጥቶ በሜዳው ዙሪያ ደርድሯል። የላስቲክ ወንበሮቹ ተራርቀው ተቀምጠዋል። እኔ እንደ ልማዴ ከኋላ ምሰሶውን ተደግፌ ቆምኩ። ዶክተር ፓልማሬስ ጸጉራቸው የነጣ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ሴሊንግ ስለ ጽሑፏ ተናገረች፤ ስለ ሊናዎን ወላጆች ትጋት ስታወራ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ከኩራት የተነሣ። ከዚያም ሉሪንግን ጠራቻት።

ሉሪንግ ሜዳሊያውን በእጇ ይዛ ወጣች። እናቶቹ ሁሉ እግር እግራቸውን አዩ።

«ልጄን እንዴት እንዳስተማርኩት እንድናገር ነው የተጠራሁት» አለች። ድምፅዋ በማስኩ ስለታፈነ ማስኩን አወረደችው፤ ደንግጣ መልሳ አደረገችው። «አላስተማርኩትም። የተማርኩት እኔ ነኝ። ተክል ውኃ የሚጠጣው በሥሩ ነው፣ ምግቡን የሚያበስለው በቅጠሉ ነው። ይጠይቁኝ ዶክተር፣ እመልሳለሁ። ልጄ ግን ምንም አያውቅም። አባቱ የጀልባችንን ቀለም ስለቀየረ የሰው ጀልባ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። በእኛዋ ላይ ስሙ ተጽፏል። የገዛ ስሙ።»

የሰንደቅ ዓላማው ገመድ ብረቱን ሲመታ ይሰማል። የመንደሩ ሹም የሚያደርገው ቢያጣ አንዱን አበባ ወደ ግራ ገፋው።

«ሌሎቹስ እናቶች?» አሉ ዶክተር ፓልማሬስ።

«የሌላውን ቤት አላውቅም። የማውቀው የቤቴን ነው» አለች ሉሪንግ። ሜዳሊያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ ወንበሯ ዞረች።

ያን ጊዜ ፖንሳ ተነሣች። ሁላችንም ልትሰድባት የተነሣች መሰለን።

«እሷ ብቻ የተማረች አይምሰልዎ ዶክተር» አለች። «እኔ እበልጣታለሁ። የእሷ ዘጠና ሁለት ነው፣ የእኔ ዘጠና አምስት።»

«የመጨረሻውን ከእኔ ነው የገለበጥሽው» አለች ሉሪንግ ሳትዞር።

«ከአንቺ ብገለብጥ ኖሮ እወድቅ ነበር።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ በሜዳው ተዛመተ። እናቶቹ አንድ በአንድ እጃቸውን አነሡ። አንዷ «የእኔን ባሌ ነው የሠራው፣ ለዚያ ነው ያነሰው» አለች። የፖንሳ አማት፣ ጆሯቸው የማይሰማው አሮጊት፣ የተባለው ሲደገምላቸው ጥቂት አሰቡና «ሜዳሊያው የምራቴ ከሆነማ ጭራሽ አይወርድም» አሉ።

ሴሊንግ ብቻ አልሳቀችም። ወደ አበቦቹ ሄዳ አንዱን ሸክላ ዘንበል አድርጋ ታቹን አየች። የዳፕዳፓን ሰዎች እንዳይጠፋባቸው ነጭ ቀለም ይቀቡታል።

«ትናንት ነው የመጡት?» ብላ የመንደሩን ሹም ጠየቀችው።

«ተውሰን ነው ዶክቶራ። ዛሬ ማታ እንመልሳለን።»

«ልጅ ሆኜ በራሴ ላይ ተሸክሜአቸዋለሁ» አለች። ለማን እንደምትናገር አይታወቅም ነበር። ከዚያ ወደ ዶክተር ፓልማሬስ ዞረች። «ይህ መንደር እንግዳ እንዴት እንደሚቀበል እኔ አውቃለሁ። ሌላ ደሴት ቢሆን ኖሮ መጥቼ አንድ ልጅ አስነብብ ነበር። ቁጥሩ ከሊናዎን ሲመጣ ደስ አለኝና አልጠየቅሁም።»

«የሚከፈቱት ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ተልኳል ማርሴሊና» አሉ ዶክተር ፓልማሬስ።

«አውቃለሁ።»

«በምሁራኑ ጉባኤ ፊት ምን ትያለሽ?»

«የለካነው እናቶችን ነው እላለሁ።»

«ይስቁብሻል።»

«ዛሬም ተስቋል። ማንም አልሞተም።»

ዶክተር ፓልማሬስ አገጫቸውን እያሻሹ ወንበሮቹን ተመለከቱ። «ሽማግሌዎቹስ?» አሉ። «ልጆቹ ከትምህርት ቤት በሽታ ይዘው ቢገቡ?»

ሉሪንግ ወደ አባቷ ስታይ አየኋት። ታታይ ኡስቲንግ በጥላው በኩል ተቀምጠው ነበር። ከመናገራቸው በፊት ሳል ያዛቸውና ጠበቅናቸው።

«የመከላከያው መርፌ በከተማ አለ ሲሉ እሰማለሁ» አሉ። «ወረቀት የሚያመጣው ጀልባ መርፌ ማምጣት ይከብደዋል?»

ሴሊንግ ያን ዕለት ሳትሄድ ቤት ለቤት ዞራ ልጆቹን ደጃፍ ላይ እያስቀመጠች አስነበበቻቸው። ምን እንዳገኘች ለማንም አልተናገረችም። ስትጨርስ ወደ ባሕሩ ወርዳ ከሉሪንግ ጎን ቆመች። ሉሪንግ የበሰለ ሙዝ በቅጠል ጠቅልላ ሰጠቻት።

«ስምሽን አጠፋሁብሽ» አለች ሉሪንግ።

«ስሜን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማም ኤልፊን ግን ማንም አይነካቸውም። ማንም አይውደቅ የሚለውን ትእዛዝ የመከርነው እኛ ነን፤ እሱንም እናገራለሁ።»

«እሺ። ሙዙን ብዪ።»

ትምህርት ቤታችን ወዲያው አልተከፈተም። በመጀመሪያው ዙር ሌሎች ደሴቶች ከፈቱ፤ ልጆች ቦርሳ ይዘው ሲሄዱ በፎቶ አየናቸውና ፖንሳ ሉሪንግን ለአንድ ሳምንት አኮረፈቻት። ሴሊንግ በጉባኤው ላይ እላለሁ ያለችውን አለች። እንደተባለውም ሳቁባት፤ «የእናቶች ሊቅ» ብለው ስም አውጥተውላታል። ነገር ግን የሌሎች ደሴቶች መምህራንም የእኛም እንዲሁ ነው ብለው መጻፍ ጀመሩ፤ ምሁራኑም ከዚያ ወዲህ ውጤት ብቻ ከማየት ይልቅ ሄዶ ማስነበብ እንደሚያስፈልግ ተስማሙ አሉ። መርፌው በሞጁሉ ጀልባ መጣ። ታታይ ኡስቲንግ መጀመሪያ ተወጉ፤ ክንዳቸውን ለሦስት ቀን ለሁሉ ሲያሳዩ ሰነበቱ። በሁለተኛው ዙር የሊናዎን ስም ነበረበት።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ልጆቹ በፈረቃ፣ በላስቲክ መጋረጃ ተለያይተው ነበር የሚቀመጡት። ዊንዊን ለስሙ ያህል ሦስተኛ ክፍል ሆኖ ከፊደል ጀመረ። የክፍሉ ልጆች ሁሉ እንደዚያው ስለነበሩ አላፈረም። የመጀመሪያው ሰኞ ዕለት ሉሪንግ ልጇን አድርሳ አግዳሚው አጠገብ ቆማ ቀረች።

«ምን ፈለግሽ?» አሏት ማም ኤልፊ በመስኮት።

«ምንም። ከተክሎቹ በኋላ የሚመጣው ምን ነበር?»

ማም ኤልፊ ገብተው አንድ የተረፈ ሞጁል አምጥተው ሰጧት። ስለ ነፋስና ስለ ዝናብ ነው። አሁንም ከዓሣ ማስጫው በላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተሰክቷል።

ማታ ማታ ዊንዊን የቤት ሥራውን ይዞ አጠገቧ ይቀመጣል። ሲያቅተው እንደ ድሮው ወረቀቱን ወደ እሷ ይገፋዋል። ትናንትም ገፋላት። ሉሪንግ መልሱን ስታውቀው ከፊቷ ያስታውቃል። እርሳሱን አነሣች፣ ጥያቄውን አነበበች፣ ከዚያ እርሳሱን መልሳ እጁ ውስጥ አደረገችና ሁለት እጆቿን ከጭኗ ሥር ቀብራ ተቀመጠችባቸው።

«አታውቂውም?» አላት።

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«የእኔን ጨርሻለሁ። ይሄ የአንተ ነው።»

ዊንዊን ተነጫነጨ። ከዚያ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ፊደል በፊደል ሲጀምር ሉሪንግ እጇን ከሥሯ አላወጣችም።